ኢሲን ቢራ ጂራ

ባለፈው ሳምንት ከአሸዋ ሜዳ ወደ ገፈርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወጣት ወደ መንገዱ ዳር ጠቁሞ፣ «ቲማቲም ተራም ቢራ መሸጥ ጀመረ እንዴ?» አለ። ሁላችንም ዞረን አየን። በአራት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ፀሐይ ያነጣው የፕላስቲክ ባነር ተወጥሮ፣ ከሥሩ ቲማቲምና ሽንኩርት ተደርድሯል። ከጽሑፉ ውስጥ ከሩቅ የሚነበበው መሐሉ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ቢራ» ይላል። ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱም በሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ለቢራ ወራጅ አለ?» ሲል ሳቁ ባሰ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ያንን ባነር ማን እንዳሠራው፣ ቃሉን ማን እንደሰጠ፣ ከዚያ መደብ ላይ እንዴት እንደወጣ አውቃለሁ። ዓመታት አልፈዋል። የባነሩ ቀለም ለቋል፤ የኔ ንዴት ግን አልለቀቀም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ወጥተን ቡራዩ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁትን አንድ ዳር ዳሩ የተበላ መጽሐፍ እየደጋገምኩ ነው የተማርኩት። ብዙ መናገር አልወድም። የተጣመመ ሽቦ ማየትም አልወድም፤ ማንም የማያየው ጣራ ውስጥ ያለ እንኳ ቢሆን ፈትቼ አቃናዋለሁ።

በዚያ ዓመት የአንድ የበጎ አድራጎት ክበብ አባል ሆንኩ። አብዛኞቹ አባላት የታወቁ የከተማው ነጋዴዎች ናቸው፤ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞችም ነበሩበት። ቅዳሜ ከሰዓት አስፋልቱ ዳር ባለ ሆቴል የጓሮ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ቃሪያው የበዛ ጥብስ ይቀርባል፣ ቢራ ይከፈታል፣ ከዚያ የየትኛዋ አሮጊት ጣራ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ልጅ ደብተር እንደሌለው ይወራል። እውነቱን ለመናገር ብዙ መልካም ነገር ሠርተናል። ዛሬም በዚያ ሰፈር ሳልፍ እኛ ያለበስነው ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጭ አያለሁ።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ትንሽ የነሐስ ቃጭል ትቀመጣለች። ስብሰባውን በሷ ይከፍታሉ፣ በሷ ይዘጋሉ። አንድ ሰው ወሬው ወደ ፖለቲካ ሲያመራበትም ያቃጭላሉ። ያኔ ሰው ይስቃል፣ ተናጋሪውም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ጨዋታ ይቀይራል። ከሰሜን የመጣው፣ የአዲስ አበባው፣ የአገሬው ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስመውና መስጊድ የሚሄደው አንድ ገበታ ላይ ነበርና ሕጉ ጥሩ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

ቶሎሳን ያገኘሁት እዚያ ነው። ቆርቆሮ መቺ ነው፤ የዚያው የገፈርሳ ልጅ። የአባቱ ማሳ አጥር ታጥሮበት ከእርሻ ወደ መዶሻ የዞረ። እሱ ከላይ ጣራ ሲመታ እኔ ከታች ሽቦ እዘረጋለሁ። በቀዳዳው አጮልቆ እያየ ይጮህብኛል፦

«አንተ ሽቦ! ገና አልጨረስክም? የቤቱ ልጆች ሳይበራላቸው ሊዳሩ ነው እኮ!»

«አንተ ጣራውን በትክክል ምታ» እለዋለሁ።

«እኔማ መታሁ። አንተ ነህ ሽቦውን ፀጉር እንደሚያበጥር የምታሻሸው።»

አንድ ቅዳሜ ክበቡ ባነር እንዲያሠራ ተወሰነ። «ከጎናችሁ ነን» የሚል ይሁን ተባለ። ጋሽ ተፈራ በኦሮምኛም እንዲጻፍ ፈልገው ቶሎሳን ጠየቁት። «ኢሲን ቢራ ጂራ» አላቸው። ቢራ ማለት ጎን፣ አጠገብ ማለት ነው ብሎ ቢያስረዳም የሰማው የለም፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጠርሙስ ወደ ላይ ተነሣ። «እኛማ ከድሮም ቢራ ጋ ነን!» አሉ ጋሽ ተፈራ። ቶሎሳም አብሮ ሳቀ።

ሳቁ ጋብ ሲል፣ «ግን ጋሽ ተፈራ፣ በቁቤ ይጻፍ» አላቸው። «በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ ያው እንደ እናንተ ነው የሚነበበው።»

«በላቲን ጽፈነው ማን ሊያነበው ነው?»

«የተጻፈላቸው ሰዎች።»

ጋሽ ተፈራ አቃጨሉ። ያቺ ቃጭል ተደውላ ማንም ሳይስቅ የቀረበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር። ባነሩም በአማርኛ ፊደል ተጽፎ መጣ።

ከዚያ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ማሳ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተነሣበት ጊዜ ደረሰ። ጤፍ የሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ ከገፈርሳ ውኃ በኩል ደረቅ ነፋስ እየነፈሰ የጭዱን አቧራ አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል። አንድ ቀን ሰበታ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ በነጋታው ሱሉልታ። እኛም ጋ ድንጋይ ተደርድሮ ጎማ ነደደ፤ ሽታው ከልብስ ታጥቦ አይለቅም ነበር። ወጣት የሆነ ሁሉ ከመንገድ ይለቀም ጀመር። ቶሎሳን ከሥራ ሲመለስ ከነመዶሻው ያዙት።

እናቱ አዴ ጫልቱ ስንቅ ይዘው ጣቢያ ሲመላለሱ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። በር ላይ የነበረው ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የንግድ ፈቃድ ያለው ዋስ አምጡ፣ ይወጣል። እንደሱ የወጡ አሉ» አለን። «ሰኞ ግን መኪና ይመጣል። ከተጫኑ በኋላ የት እንደሚወሰዱ እኔም አላውቅ።»

እኔ የንግድ ፈቃድ የለኝም። ክበቡ ውስጥ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም አላቸው። ስለዚህ ቅዳሜን እንደዚያ ቀን ጓጉቼ ጠብቄው አላውቅም።

ስብሰባው ሳሳ ብሎ ነበር። የብርድ ልብስ ጉዳይ እየተወራ ሳለ ተነሣሁ። ተናግሬ ስለማላውቅ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ቶሎሳ ታስሯል። የንግድ ፈቃድ ያለው ዋስ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከሰኞ በፊት…»

ጋሽ ተፈራ አቃጨሉ።

«ቶሎሳ…» አልኩ እንደገና።

አቃጨሉ።

«ስሙን ነው እኮ የጠራሁት፣ ጋሽ ተፈራ።»

«ገብቶኛል ልጄ። ለዚያም ነው ያቃጨልኩት።»

ፋርማሲ ያላቸው እትዬ አስቴር፣ «ልጁ የኛው አባል አይደለም እንዴ?» አሉ፣ ወደ ጠረጴዛው እያዩ። ጋሽ ተፈራም፣ «ስለሆነማ ነው እናቱን የምንረዳቸው» ብለው አንድ ኩንታል ስንዴ ይወሰድላቸው ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። እጅ ወጣ። የእትዬ አስቴርም እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ ሊያልፍ ሲል የኔ እጅ ጠረጴዛው ላይ መቅረቱን አይተው፣ «አንድ ድምፀ ተአቅቦ» አሉ። «ተቃውሞ ነው» አልኩ። ስብሰባው በቃጭል ተዘጋ።

እሑድ ስንዴውን ሊያደርሱ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። እናቲቱን ፊት ለፊት ሲያዩ ልባቸው ይራራል ብዬ ነበር። መንገዱ ላይ ድንጋይ ስለተደረደረ መኪናው አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ ስንዴውን እየተቀባበልን ተሸከምነው። አዴ ጫልቱ ከሩቅ አይተውን ኖሮ፣ በሩ ላይ ስንደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የክት ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

«ናጋ ኬሰን? ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈላችሁ» አሉ። «እኔ ዝግጁ ነኝ፣ እንሂድ።»

«ወዴት ነው የምንሄደው አዴ ጫልቱ?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ጣቢያ ነዋ! ዋስ ልትሆኑልኝ አይደል የመጣችሁት?»

ከኋላችን ሁለት አባላት ባነሩን ዘርግተው ለፎቶ እየወጠሩት ነበር። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርስዎ እናታችን ነዎት። ግን እኛ ክበብ ነን። ፖለቲካ ውስጥ አንገባም።»

«ልጄ ፖለቲካ ነው?»

ጋሽ ተፈራ ስንዴው ወደ ቤት እንዲገባ በእጃቸው ጠቆሙ።

«ጣራ ላይ ስታወጡት ምን ነበር?»

አዴ ጫልቱ ማንበብ አይችሉም፤ ወደ ባነሩ እያዩ፣ «ምን ይላል ይሄ?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። «ኢሲን ቢራ ጂራ።»

«ማነው ያለው?»

«ቃሉን የሰጣቸው ቶሎሳ ነው።»

አዴ ጫልቱ ጋሽ ተፈራን ቀና ብለው አዩና፣ «እናንተ ያላችሁት የሆቴሉ ቢራ ጋ ነው» አሉ። «የኛ ቢራማ ማንም የለም። ስንዴውን መልሱት። ይሄን ግን ስጡኝ፤ የልጄ ነው።»

ባነሩን ከሁለቱ ሰዎች እጅ ተቀብለው እንደ ሰሌን ጠቀለሉት። ፎቶ ሊያነሣ የቆመው ሰው ካሜራውን ኪሱ ከተተ። ስንዴውን እኔ አልተሸከምኩም፤ ራሳቸው ነጋዴዎቹ በአቧራው እየተጎተቱ መለሱት።

ሰኞ ሸራ የለበሰ መኪና ከጣቢያው ወጣ። እኔና አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመን ነበር፤ ማን ውስጥ እንዳለ አይታይም። እሳቸው ግን ጎማው ያነሣው አቧራ እስኪቀመጥ ድረስ ስሙን ጠሩ። ቶሎሳ የተመለሰው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከስቷል፤ ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ምን እንደደረሰበት አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ሱሉልታ ጣራ ይመታል፤ አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በግራው በኩል እሆናለሁ።

ያኔ ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ፈርተው እቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ እስከ ዛሬ ይቅር ብያቸው ነበር። እነሱ ግን መጡ። ዋስ ለመሆን ሲሆን የራቃቸው መንገድ ፎቶ ለመነሣት ሲሆን ቀረባቸው። ክበቡ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባል። ጋሽ ተፈራ «በዚያ ክፉ ቀን ከሕዝቡ ጎን ነበርን» እያሉ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ማንም አላቃጨለባቸውም።

ባለፈው ሳምንት ሚኒባሱ ውስጥ ለቢራ ወራጅ አለ ወይ ሲባል «አለ» ብዬ ወረድኩ። አዴ ጫልቱ ከባነሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጉንጬን ሳሙኝና ጠንካራ ጠንካራውን ቲማቲም ይመርጡልኝ ጀመር። ቀና ብዬ አየሁት፤ ጠርዙ ተተልትሏል፣ በአንድ በኩል ፀሐይ ያስገባል።

«አዴ፣ ይሄን አውልቀን ደህና ሸራ ልወጥርልዎት?»

እጃቸውን ዘርግተው የረገበውን ጫፍ ወደ ቋሚው ሳብ አደረጉት።

«ተወው» አሉ። «እሱ እንኳ ቢራ ኮ ጂራ።»

እሱ እንኳ አጠገቤ አለ።