ሁለቴ የተጠራው ስም

ደግሰው ያደገው በበቅሎ ኮቴ ድምፅ ነው። አባቱ ከላሊበላ አሸተን ማርያም ድረስ ተሳላሚና ቱሪስት በበቅሎ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ልጁን ወልድያ ልኮ ማኔጅመንት አስተማረው። ልጁም ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ኮርቻ ሊጭን ሳይሆን አራቱን የባለበቅሎ ማኅበራት አዋህዶ አንድ አክሲዮን ማኅበር ሊያደርግ ነበር። ሁለት መቶ ስድስት ባለበቅሎ፣ አንድ ቦርድ፣ አንድ አሠራር። የለውጡን መሪነት ሲሰጡት ደስታው ደረቱ ውስጥ እንደ ክራር ይንዘረዘር ነበር።

ከለውጡ ሁሉ የከበደው ተራው ነው። እስከዚያ ድረስ ተራ የሚጠሩት አያ ምስጋኑ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ከወይራው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ይወጡና፣ ወረቀት ሳይዙ፣ እያዜሙ ይጀምራሉ፦

ጭጋጉ ወረደ አሸተንን ለብሶ፤
ስሙ የተጠራ ይምጣልኝ ገስግሶ።

አንድ ስም ሦስቴ ይጠራል። በሦስተኛው «አለ!» የሚል ከጠፋ ተራው ለሌላ ያልፋል። የሞተ ሰው ስም ግን አይሰረዝም፤ ሚስቱ ወይም ልጁ በቅሎውን ይዞ «አለ!» ይላል። ይማርሽ ለሟች ባሏ ለተክለ ሚካኤል አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትመልስ ኖራለች።

ደግሰው ይህን አያጣውም። ሆኖም ተራው በስልክ መልእክት እንዲሆን ሲዘጋጅ፣ ቅጹ የሚቀበለው በሕይወት ያለ አባልን ብቻ ሆነ። ወራሾቹን በሚቀጥለው ወር እመዘግባለሁ ብሎ፣ በሠላሳ አንድ የሟች ስም ላይ በገዛ እጁ «የለም» ብሎ ጻፈ።

አዲሱ አሠራር በተጀመረበት ጠዋት የሁሉም ስልክ እየተንጫጫ ተራውን ነገረው። የይማርሽና የሌሎቹ ሟቾች ወራሾች ስልክ ግን ዝም አለ።

«ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆን?» አለች፣ ስልኳን እያገላበጠች።

«አይ እቴ፤ ተክለ ሚካኤልን ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቀበረው» አላት ቀልደኛው ወርቅአገኘሁ።

የሳቀ የለም። ወርቅአገኘሁ ራሱም ቀልዱ መረረውና የበቅሎውን ኮርቻ አወረደ። አጠገቡ ያለውም አወረደ። ጥቂት ቆይቶ በሜዳው ላይ የተጫነ በቅሎ አልቀረም። ተሳላሚዎቹ ሲጠብቁ ቆይተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ዳገቱን በእግራቸው ያዙት።

የቦርዱ ሰብሳቢ ደወሉ። «ዛሬ ካልተጀመረ ውህደቱ አበቃለት። ሰው ማሳመን ያንተ ሥራ ነው!»

ደግሰው ወደ አያ ምስጋኑ ሮጠ። «አያ፣ እባክዎ ይጥሩልኝ። እርስዎ ከጠሩ ይነሣሉ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እኔንማ በምስጋና ወረቀት አሰናብተኸኝ የለ? ድንጋይዋ ያቻትልህ። አንተው ጥራ።»

ወጣ። ድንጋይዋ ላይ ቆሞ ጮኸ።

«ተክለ ሚካኤል!»

ይማርሽ ከፊቱ ቆማለች። በቅሎዋ ጆሮዋን ቀሰረች፤ እሷ ግን ዝም።

«ተክለ ሚካኤል!»

«የለም ያልከው አንተ አይደለህ?» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ያመመውም እሱ ነው። «በል ሦስተኛውን ጥራና ገላግለኝ።»

አልጠራም። ከድንጋይዋ ወርዶ ለሰብሳቢው ደወለ፤ «ስሞቹ ሳይመለሱ አንጀምርም» አላቸው። ሰብሳቢው ጆሮው ላይ ዘጉበት።

በማግስቱ የሙታኑን ስም በእጁ ጽፎ መጣ። ተክለ ሚካኤልን ሁለቴ ጠርቶ ሦስተኛውን ተወው። በሠልስቱም እንዲሁ።

«ዲግሪህ የሚቆጥረው እስከ ሁለት ነው እንዴ?» ብሎ አፌዘበት አንዱ፣ መሬት ባወረደው ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ።

በአራተኛው ቀን፣ ሁለተኛውን ጠርቶ አንገቱን ሲደፋ፣ ከሰው ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ «አለ» አለ። ይማርሽ ነበረች። ኮርቻዎች አንድ በአንድ ከመሬት ተነሡ።

ደግሰው በእንባ መሃል አያ ምስጋኑን በዓይኑ ፈለጋቸው። አልነበሩም። ከዚያ ወዲህም ወደ ወይራው አልመጡም። ከቦርዱም ስለ ስሞቹ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ተራውን ደግሰው ወረቀት እያየ ይጠራል። ከዜማው የሚያውቀው እነዚያን ሁለት ስንኞች ብቻ ነው። የቀረውን ሊጠይቃቸው አንዳንድ ቀን በራቸው ድረስ ይሄድና፣ እጁን ለማንኳኳት አንሥቶ፣ ሳያንኳኳ ይመለሳል።