ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ፕሮግራም

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥራለች። ክር ማጠንጠኛ ክፍል ጀምራ፣ በትርፍ ጊዜዋ ኮምፒውተር ተምራ፣ የሽመና ማሽኖቹን የሚከታተለውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ዋናው ክፍል የተጻፈው ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው፤ ከማሽኖቹ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። በውስጡ ሌላ ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ተቀምጧል። ክር ሲላላ ማሽኑ መቼ ይቁም የሚለውን ደንብ የፈረቃ አለቆች በየጊዜው ስለሚለውጡት፣ በፓይተን ሲጻፍ ዋናውን ሳይነኩ ማስተካከል ይችላሉ።

ባለፈው መስከረም አዲስ የፓይተን ቨርዥን ወጣ። ሁለቱ ቋንቋዎች ከሚገናኙባቸው፣ ጥሪ ከሚባሉ ትእዛዞች አንዳንዶቹ ተሰርዘው፣ ሌሎቹ በአዲስ ተተክተው ስለነበር መገናኛውን እንደገና ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በየሳምንቱ ይቆም ጀመር። ለሥራ አስኪያጁ «ችግሩ የአዲሱ ቨርዥን ነው» አለችው። እሱም እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጣት። አሁንም ከቆመ ፕሮግራሙ ይወገዳል፤ እሷም ወደ ክር ማጠንጠኛ ትመለሳለች።

ይህን በስልክ የነገረችኝ ሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ወረድኩ። ስለ ፕሮግራም የማውቀው ትንሽ ነው፤ የዜና ሥራ ያስለመደኝ ግን መቼና የት ብሎ መጠየቅ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ከእሷና ከፋብሪካው አንጋፋ ኤሌክትሪሻን ጋር ተቀመጥን።

«የቆመባቸውን ቀናት ንገሪኝ» አልኳት።

«ሁሌ ሐሙስ ነው፣ አጎቴ። ከሰዓት በኋላ።»

«ታዲያ ሐሙስ አይደል ዱዓ የሚደረገው!» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «አንድ ቀን ሰብሰብ ብላችሁ ዱዓ አድርጉለት ብያለሁ፤ ማን ሰምቶኝ!»

«ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎ ይስቃሉ፣ እኔ ክር ላጠነጥን ነው።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት።

ፕሮግራሙ የቆመበትንና የተነሳበትን ሰዓት የሚይዘውን መዝገብ ስክሪኑ ላይ ከፈተችልኝ። ፕሮግራሙ ዓርብ ዓርብ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ እንደ አዲስ ተነስቷል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«መብራት ጠፍቶ ይሆናል። በዚያ ሰዓት እኔ መስጊድ ነኝ።»

«የምን መብራት!» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «እናንተ ለጁምዓ ስትወጡ ማሽኑ ሁሉ ይቆማል። እኔ ክርስቲያኑ እዚሁ እቀራለሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አቧራውን አራግፋለሁ፤ ስትመለሱ በርቶ ታገኙታላችሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ሳትቀጠሪ ጀምሮ።»

መዝገቡን መልሳ አየች። «እንግዲያው የሚጠራቀም ነገር አለ» አለች ቀጥላ። «ዓርብ ሲጠፋ ይራገፋል፤ ሐሙስ ላይ ይሞላል።»

አስር ሰዓት ገደማ ስህተቱን አገኘችው። በድሮው ጥሪ ሲ ከፓይተን አንድ ነገር ሲጠይቅ አይቶ ብቻ ያልፋል፤ የሚመልሰው የለም። በአዲሱ ጥሪ ግን ነገሩን በእጁ ይረከባል፤ ሲጨርስም መልቀቅ አለበት። እሷ ጥሪውን ለውጣለች፣ የሚለቀውን መስመር ግን አልጨመረችም። ስለዚህ የክሩ ሁኔታ በተነበበ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ጥቂት ሳይለቀቅ ይቀራል። መስመሩን ጨምራ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣችው።

«ሐሙስ በሰላም ያልፋል ማለት ነው» አለ ኤሌክትሪሻኑ።

«ያልፋል። ግን ምንም አያረጋግጥም» አልኩ። «ዛሬ ስላስነሣችው የተጠራቀመው ተራግፏል፤ ባታስተካክለውም ያልፍ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። ከወንበሯ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ጥፋቱ የቨርዥኑ አይደለም፤ የኔ ነው። አስተካክዬዋለሁ። የዚህ ሳምንቱ ሐሙስ ግን እንዳይቆጠርልኝ። ዓርብ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ይዘዙልኝና እስከ መጪው ሳምንት ሐሙስ ይጠብቁኝ።»

«ባይቆጠር የምትጎጂው አንቺ ነሽ እኮ።»

«አዎ።»

«ያኔ ከቆመስ?»

«ክር ክፍል እገባለሁ።»

«ይሁን» አላት።

በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከደሴ ደወልኩላት። አላነሳችም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች፤ ከኋላዋ የማሽኖቹ ድምፅ ያስተጋባል።

«እየሠራ ነው፣ አጎቴ። የፈረቃ አለቃው ደንብ ቀይሪልኝ ብሎ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ በኋላ ልደውል» ብላ ዘጋችው።