ስለ አማቱ የዘፈነው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ ሁሉ «ጉንፋን» ይለዋል። ዓመቱን ሙሉ አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ስለሚዘፍን የወጣለት ስም ነው። ሙያው ልብስ ሰፊነት ነበር፤ ከቤቱ በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ ውፍረት ለጨመሩ ደንበኞቹ ወገብ ያሰፋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጊታሩን ከግድግዳ ያወርድና የድሮ የባላገር ዜማ በራሱ ግጥም ያንጎራጉራል። ደንበኞቹ ዘፈኑን የሚታገሡት ስፌቱ ጥሩ ስለነበር ነው።

ባገባ በጥቂት ዓመቱ አማቱ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ለሁለት ሳምንት ነበር። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ወገባቸውን አመማቸው፤ ወገባቸው ሲሻላቸው ዝናብ ገባ፤ ዝናቡ ሲያባራ የመሄዳቸውን ነገር ማንሳቱ ራሱ ነውር ሆነ። ቤቱ ውስጥ መደገፊያ ያላት አንዲት ወንበር ነበረች፤ ጉንፋን ሲያጎነብስ የዋለ ጀርባውን የሚያሳርፍባት። እሷ የእሳቸው ሆነች። ሬዲዮውም የእሳቸው ሆነ፣ መጋረጃው መቼ እንደሚከፈት መወሰኑም።

«እናትሽ መቼ ነው የሚሄዱት?» አላት ሚስቱን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አፍ አለህ፣ ራስህ ጠይቃት።»

አፍስ ነበረው፤ ግን ማን ወንድ ነው አማቱን «ይሂዱ» የሚል? ስለዚህ ዘፈን ጻፈ።

*ለጥቂት ቀን ብለሽ መጥተሽ በእንግድነት፣*
*ወንበሬን ወሰድሽው ከነባለቤትነት።*
*ሂጂ አልልሽም፣ ይሉኝታ ይዞኛል፤*
*በሩ ግን ክፍት ነው፣ ብርዱም ይሰማኛል።*

ኮቱን ሊያስጠብብ የመጣ አንድ ሙዚቃ ቤት ያለው ደንበኛ ሰማውና በካሴት ቀረጸው። በዚያን ጊዜ አገሩን የሚገዙት ሰውዬም ለጥቂት ጊዜ ነው ብለው መጥተው ወንበር ላይ የሰነበቱ ነበሩ። ካሴቱ ሳምንት ሳይሞላው ተማሪው በየአዳራሹ፣ ሾፌሩ በየመኪናው «በሩ ግን ክፍት ነው» ይል ጀመር። አማቱም ሳይቀሩ ዜማው ጥሟቸው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ያንጎራጉሩት ነበር። ጉንፋን ይህን ሲሰማ መርፌ ጣቱን ይወጋዋል።

ብዙም ሳይቆይ ጉንፋን ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ተጠራ። ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ሹም ካሴቱን በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው፣ ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ይቺ «አንቺ» የምትላት ማን ናት?»

«አማቴ ናቸው ጌታዬ።»

«ሰሙን ነገርከኝ። አሁን ወርቁን አምጣ።»

«ወርቅ የለውም። እንዳለ ሰም ነው።»

ሹሙ በትዕግሥት አስረዳው። «ወንበር» ሥልጣን ነው፤ «ብርዱ» የኑሮ ውድነት ነው፤ «በሩ» ምን እንደሆነ ደግሞ አጥኚዎች ገና እየተከራከሩበት ነው። ጉንፋን ዘፈኑ ይህን ሁሉ እንደሚል ሲሰማ፣ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ፣ በልቡ ትንሽ ኮራ። ነገሩ አልፈታ ሲል አማቱ ለምስክርነት ተጠሩ።

ግጥሙ ቃል በቃል ተነበበላቸው። አሮጊቷ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለማን እንደሚያንጎራጉሩ አያውቁም ነበር። ፊታቸው ሲለዋወጥ ጉንፋን እስር ቤቱን ተመኘ።

«እማማ፣ ይህ ዘፈን ስለ እርስዎ ነው?» አለ ሹሙ።

አይደለም ቢሉ ክብራቸው ይድናል፤ የልጃቸው ባል ግን ይታሰራል። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ስለ እኔ ነው» አሉ። «ወንበሯንም ይዤበታለሁ። ቅር ያለኝ እሱ አይደለም። ቅር ያለኝ «አንቺ» ማለቱ ነው። እኔ የእሱ እኩያ ነኝ?»

ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቤቱ የከረሙ የራሱ አማት ትዝ አሉት መሰለኝ፣ ድምፁ ለሰለሰ። ጉንፋንን ለቀቀው፤ ካሴቱን ግን ለራሱ አስቀረ።

አገሬው ይህን አላመነም። «ደብድበው ነው ‹ስለ አማቴ ነው› ያስባሉት» ተባለ፤ የጉንፋን ዝናም እጥፍ ሆነ። ገዢው ሲወድቁ አዲሶቹ ባለሥልጣናት ትልቅ መድረክ አዘጋጁለት፤ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከበሮና ግድግዳ የሚያህል ድምፅ ማጉያ አቀረቡለት። የባላገር ዜማው ሮክ ሆነ። የድሮ ወዳጆቹ «ከዳን» ብለው አጉረመረሙ፤ እሱ ግን ጩኸቱ አፍንጫውን ስለሸፈነለት ደስ አለው። ሚኒስትሩ ማይክሮፎን ይዘው፣ «ይህ ዘፈን ስለ ወደቀው አምባገነን እንደተጻፈ የማያውቅ የለም» ሲሉ ጉንፋን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አማቱ ከፊት ወንበር ሆነው አዩት።

«ሹም ፊት ቆሜ ራሴን አዋርጄ አዳንኩህ» አሉት ቤት ሲገቡ። «አንተ ዘፈኔን ለዚያ ሰውዬ ሰጠኸው።» በማግስቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጉንፋን ወንበሯ ላይ ተንፈላስሶ ጥልቅ ዘፈኖች ይጽፍ ጀመር፤ ስለ አድማስ፣ ስለ ሰንሰለት፣ ስለ ንጋት። አዲሱን ካሴት ሚስቱ እስከ መጨረሻው ሰማችለት።

«ስለ ማን ነው?»

«ስለ ሰው ልጅ።»

«የቱ የሰው ልጅ?»

ጉንፋን ካሴቱን ከማጫወቻው አወጣ። ካሴት የሚገዛውም ሰው እንደ ሚስቱ ነገሩ ሳይገባው ቀረ፤ ካሴቱ የሙዚቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። ጉንፋን ጥቂት ወራት አኩርፎ ከረመና፣ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ አማቱ ዘንድ ሄደ። ደጃቸው ላይ ቆሞ፣ «እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የሚያናድደኝ ሰው አጣሁ፤ ይመለሱልኝ» አላቸው።

አሮጊቷ እንዲህ ባለ አነጋገር ይቅርታ ሲጠየቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ቢሆንም ቅር አላላቸውም።

«እመጣለሁ። ግን ስለ እኔ የምትጽፈውን መጀመሪያ እኔ እሰማለሁ። «እርስዎ» ብለህም ትጽፋለህ።»

ከዚያ በኋላ የወጡት ሦስት አልበሞች ናቸው ሰዉ እስከዛሬ የሚወዳቸው። ስለ ሬዲዮው ድምፅ፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ አማቱ ማንኮራፋት ጻፈ፤ እሳቸውም ግማሹን «ውሸት ነው» እያሉ ሰረዙበት። ከበሮው ይንጓጓል፣ ጊታሩ ይጮኻል፣ እሱ ግን «ኧረ ድምፁን ይቀንሱልኝ፣ እባክዎ» እያለ ያዜማል። ምሁራን ይህን አክብሮት የዘመኑ ታላቅ የሙዚቃ አብዮት አሉት። ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ወጣቶች ተከተሉት፤ ዛሬ ጊታር ያነሳ ጎረምሳ ሁሉ ፍቅረኛውን «እርስዎ ናፈቁኝ፣ የት ጠፉ?» እያለ ነው የሚዘፍንላት። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ኋላ ለመዱት።