ከአንድ ጣሳ በላይ

ኦርቪል ስተነሩድ ጥይት በእጁ መሥራት የጀመረው የእንጨት ፋብሪካው ገና ሳይዘጋ፣ በሞንታና ተራሮች ስር ያለችው ባርሎው ገና ከተማ እያለች ነው። ፋብሪካው ውስጥ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤ የፀጉርን ውፍረት በጣቱ የሚለካ። ፋብሪካው ሲዘጋ ባለቤቶቹ ማሽኑን ነቅለው ሄዱ፣ ሰዎቹን ትተው። ለኦርቪል የቀረው ጋራዡ ውስጥ ያለው የእንጨት ጠረጴዛ ብቻ ነበር፣ እሱም ላይ ቀሪ ዕድሜውን ተከለ።

የሱቅ ጥይት ለእሱ ስድብ ነው። "ለሁሉም ጠብመንጃ የተሠራ ጥይት ለማንም አልተሠራም" ይላል። የተተኮሰውን ቀለሃ ያጥባል፣ አፉን ይሞርዳል፣ ቂጡ ላይ ባሩዱን የሚለኩስ አዲስ የእሳት ቆብ ይተክላል። ባሩዱን እንደ ወርቅ አንጥረኛ በሚዛን ይመዝናል፣ ከዚያ አረሩን በመጭመቂያው ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። አምስት ጥይት ተኩሶ አምስቱንም ቀዳዳ በአንዲት ሳንቲም የሚሸፍን ሰው ነበር። በባርሎው ይህ ከቄስነት ይበልጣል።

ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጣሳ ባሩድ በላይ አይቀመጥም። ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚነደው ለጠብመንጃ ነው፣ ቶሎ የሚነደው ለሽጉጥ። የሽጉጡ ባሩድ ጠብመንጃ ውስጥ ከገባ ብረቱ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሁለተኛው፣ ሰው የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ጥይት አይተኩስም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው "ለእኔም ሥራልኝ" ብሎ ደጁን አንኳኩቶ አያውቅም።

ከዚያ ዓይኑ ከዳው። በሽታው ከመሃል ነው የሚበላው። ዳር ዳሩን ያያል፤ ቀጥ ብሎ የሚመለከተው ነገር ግን ይጠፋል። የሚስቱን የማርሊስን ፀጉር ያያል፣ ፊቷን አያይም። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም አለው። ያን ሳምንት ኦርቪል ያችን የሚወዳትን ጠብመንጃ ከመደርደሪያው አውርዶ ለልጅነት ጓደኛው ለሌስተር ሰጠ።

ጠብመንጃዋን ሰጠ እንጂ ጥይት መሥራቱን አልተወም። "ጠብመንጃዋ የኔ ነበረች፣ ቀለሃውም ከእሷው ሆድ የወጣ ነው። ሕግ አላፈረስኩም" አለ። ሌስተርም እሺ አለ።

እስቲ አስቡት! ሰውየው ማነጣጠር ስላልቻለ ጠብመንጃውን አስረከበ። ይህን ሁሉም አየ፣ ሁሉም አዘነ። ያው ሰው ግን የስንዴ ቅንጣት ሩብ የምታህል ባሩድ እየመዘነ መሆኑን እያወቁ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳን፣ "ተው" አላለውም። የብረታ ብረት ዕቃ ሱቁ ዱዌን፣ ኦርቪል የባሩድ ጣሳውን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ሲዳስስ አይቶታል። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ጨው ቡናው ላይ ሲነሰንስ አይተው ወደ መስኮት ዞረዋል። ይሉኝታ! ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! ነቅዞ ነቅዞ ሰው ይገድላል።

የአጋዘን አደን ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሌስተር ጥይቱን ሊወስድ መጣ።

"አንተ ሽማግሌ፣ አለቀ ወይስ እያንዳንዱን እየሳምክ ነው?"

"ሃያ ነው። አንድ ለአጋዘኑ፤ አሥራ ዘጠኙ አንተን ስለማውቅህ ነው።"

"አምና በስንት ነው የጣልኩት?"

"በሦስት። ሁለተኛው ዛፍ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።"

ሌስተር ስቆ አንዷን ጥይት አነሳና ወደ መስኮቱ አዞራት። ከወትሮው ረዘም አድርጎ አያት።

"ሁሉንም በሚዛን ነው?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ምንም። አይ፣ ምንም።" ሳጥኑን ደረት ኪሱ ከተተው። "ስጋውን እኩል እንካፈላለን።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማርሊስ ማሰሮ ክዳን ፍለጋ ጋራዥ ገባች። ሚዛኑ ሳህን ላይ ጥቂት ባሩድ ቀርቶ ነበር።

"ኦርቪል፣ ይሄ ነገርህ ሩዝ ውስጥ የደቀቀ ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ይመስላል። እንዲህ ነው የሚሆነው?"

ኦርቪል ከወንበሩ ተነሳ። ሳህኑን አልተመለከተም፤ ምን ሊያይ? ሁለት ጣቱን ከትቶ አሸው። እንደተቆራረጠ የእርሳስ እምብርት ያለው የጠብመንጃው ነው። ከመካከሉ ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ፣ ስስ ነገር ጣቱ ላይ ተጣበቀ። የሽጉጥ ባሩድ።

ማክሰኞ ለማርሊስ ሽጉጥ ጥይት ሠርቶ ነበር፤ ሚስት ለእሱ ሌላ ሰው አይደለችም። ደክሞት ባሩድ የሚቀዳበትን መስፈሪያ ሳያራግፍ ተኛ። ረቡዕ የመስፈሪያው ሆድ ውስጥ ያለውን የጠብመንጃው መስሎት ወደ ጠብመንጃው ጣሳ መለሰው፣ ወዝውዞ ሥራውን ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ብቻ ነበር። ሕጉ አልተጣሰም! ይህ ጣት ዛሬ የነገረውን ረቡዕም ይነግረው ነበር፤ ቢጠይቀው። መጠየቅ ግን አላይም ብሎ ማመን ነው።

"መኪናውን አስነሺ" አላት።

ሌስተር የሚያድንበት ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ሳይነጋ ከሴት ልጁ ከኮሊን ጋር ሄዷል። መንገዱ ጠጠር ነው፣ በአንድ ወገን ገደል።

"ፍጠኚ።"

"እየፈጠንኩ ነው።"

"ፍጠኚ አልኩሽ!"

"እኔ አልታወርኩም፣ ኦርቪል! ገደሉን አየዋለሁ!"

ያ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። ገደሉን አለፉት።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት በመጨረሻ።

"ምን ብዬ? ጠረጴዛውን ብነጥቅህ ምን ይዘህ ትነሳ ነበር ጠዋት?"

የመኪና መንገዱ የሚያልቅበት ሲደርሱ የሌስተር ፒክአፕ የኋላ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ሌስተር እዚያ ላይ ተቀምጧል። ኮሊን የአደን ሰደርያውን ቀድዳ ጭንቅላቱን አስራዋለች። ኦርቪል ፊቱን ለማየት ቀጥ ብሎ ቢመለከት ፊቱ ጠፋበት። አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በዓይኑ ዳር ፈለገው። ብርቱካናማ ጨርቅ አየ፣ ደም አየ፣ እንደ ጥቅል የታሰረ እጅ አየ።

"መጣህ?" አለ ሌስተር። "አጋዘኑ ስቆብኝ ሄደ። አፈሙዙ ጭቃ ገብቶበት ነበር። የኔው ዝርክርክነት ነው።"

"የምን ጭቃ?" አለች ኮሊን እያለቀሰች። "አባዬ፣ መሬቱ በረዶ ነው! እኔ ራሴ አይቼዋለሁ አፈሙዙን!"

"ባሩዱ ነው" አለ ኦርቪል። "ሁለት ዓይነት ቀላቅያለሁ። አላየሁትም።"

ሌስተር የታሰረውን እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "ባሩዱን አላወቅኩም። ሐሙስ ዕለት ግን የያዝኳት ጥይት አረሯ ከልክ በላይ ጠልቆ ነበር የገባው። ካንተ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን ተኮስክ?"

"ምን ላድርግ? ዱዌን ሱቅ ሄጄ የሱቅ ጥይት ልግዛ? ማታውኑ እንዳላመንኩህ ከተማው ይሰማ የለ?"

"ሁለታችሁም!" አለች ኮሊን። ሌላ ቃል አጣች። "ሁለታችሁም!"

የሌስተር ቀኝ ዓይን ጠፋ። ሁለት ጣቱም ተቆረጠ። ቁርስ ቤቱ ውስጥ በሳምንቱ የተስማሙበት ነገር "ብረቱ አርጅቶ ነበር" የሚል ነው። ኦርቪል ተነስቶ "እኔ ነኝ" አላቸው። "አይዞህ፣ ብረት ያረጃል" ብለው እንቁላላቸውን በሉ። ፍርድ እንኳን ነፈጉት! የሰው ልጅ ጥፋቱን ከቀሙት ምን ይቀረዋል?

ጠረጴዛውን በሸራ ሸፈነው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ዱዌን በቡና ጣሳ ባዶ ቀለሃ ይዞ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።

"ኦርቪል፣ እንደው... ለፀደይ ሃምሳ ጥይት ብትሠራልኝ ብዬ ነው። ካንተ የተሻለ እጅ የለም።"

በአርባ ዓመት የመጀመሪያው። ኦርቪል አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ የዱዌንን ጫማ ተመለከተ።

"ትተኩሰዋለህ?"

"እ... እንዴታ።"

ኦርቪል ጣሳው ውስጥ እጁን ሰደደ። አንዷን ቀለሃ አውጥቶ አንገቷን ዳሰሰ። ተሰንጥቃለች። ሌላዋን አነሳ፤ ተሰንጥቃለች። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም። የተሰነጠቀ ቀለሃ ዳግም ጥይት አይሆንም። ዱዌን ከቁራሌው ዕቃ መካከል ለቅሞ ነው ያመጣለት፤ ለሕፃን እንደሚሰጥ መጫወቻ። ዓይነ ስውር በጣቱ እንደሚያይ ረስቶ።

ማርሊስ በኩሽናው በር ቆማ ነበር። ቀለሃዎቹን ከዚያው ሆና አየቻቸው። የባሏንም ጣቶች አየች።

"ቅዳሜ ና" አለ ኦርቪል። "ይደርስልሃል።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ዱዌን፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ማርሊስ ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። ኦርቪል ሸራውን ገፎ ተቀመጠና ሞረዱን አንስቶ የመጀመሪያዋን የተሰነጠቀች ቀለሃ አፍ ይሞርድ ጀመር።