መሃለኛው ብረት

አባ ሜትር ፈሪ ነበሩ። ይህን ሐሜተኛ አላወጣባቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ብረት ሲቆርጡና ሲበይዱ ኖረው፣ አንድም ቀን መሰላል ላይ ተረጋግተው ወጥተው አያውቁም። መቁረጫውን ከማስነሳታቸው በፊት ሶኬቱን ሦስት ጊዜ ያያሉ። ሜትራቸውን ዘርግተው ይለካሉ፣ ይጠቀልሉታል፣ አላምን ብለው እንደገና ይለካሉ፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» እያለ የሰፈሩ ሰው ይስቅባቸዋል፤ በሩ ሲሰበርበት ግን ሮጦ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው የገጠሙት በር አይወልቅማ።

አንድ ለእናቷ የሆነችው ልጃቸው ግን ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። የእንስሳት ሐኪም ናት። ወር በገባ ቁጥር አባጣ ጎርባጣ የማይበግራትን መኪናዋን አስነስታ መንገድ ወደማያውቀው አገር ትሄዳለች፣ ድንኳን ውስጥም ታድራለች። አንድ ጊዜ ጎርፍ ድንኳኗን ከነፍራሿ ይዞት ሄደ። እሷ እየሳቀች ነው የነገረቻቸው፤ እሳቸው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

ስለዚህ የሚከፈተውን ጣሪያ ይዛ ስትመጣ ደስ አላቸው። የወዳደቁ መኪኖች ከተከማቹበት ግቢ ያገኘችው፣ በዕድሜ የሚበልጣት የፋይበር ጣሪያ ነው። ድሮ መንገደኞች እያደሩበት አገር ላገር ይዞሩበት ከነበረ ሚኒባስ የተፈታ ነው፤ በማጠፊያ ወደ ላይ ይነሳል፣ ዙሪያውን ሸራ አለው፣ ሲከፈት ከሥሩ አልጋ ይዘረጋል። ችግሩ ለእሷ መኪና በአሥራ አንድ ሴንቲ ይሰፋል። አባ ሜትር ርዝመቱን ይዘው መሃል ለመሃል ሰነጠቁት፣ አሥራ አንዷን ሴንቲ አወጡ፣ በሙጫና በፋይበር መልሰው ገጠሙት። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ፤ የመኪናዋን ጣሪያ መቅደድ። ያን ቀን መቁረጫውን አራት ጊዜ አንስተው አስቀመጡት።

ላሜራው ሲነሳ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ አንድ ብረት መሃል ላይ ቀረ። ልጃቸው ገብታ ቆማ ሞከረችውና፣ «አባዬ፣ ይሄ መሃለኛው ብረት ራሴን እየመታኝ ነው፤ አንሳው» ብላቸው ወደ ሥራዋ ሄደች።

አባ ሜትር ብረቱን እያዩ ቆሙ። ሁለቱን የጣሪያ ዳሮች አያይዞ የያዘው እሱ ነው፤ እንዴት ይነሳል? ሊጠይቋት ስልካቸውን አወጡ። ከዚያ ሳቋ ታወሳቸው፣ «አሁንም ፈራህ?» የምትለው ነገር። የተማረችው እሷ ናት፤ የምታውቀው ቢኖር ነው አሉ። ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃታቸውን ዋጥ አደረጉና፣ ብረቱን ከሁለት ጫፉ ቆርጠው ከቁርጥራጩ ጋር ጣሉት። እሷ መኪናዋን ስትወስድ የአልጋው ሳንቃ ተገጥሞ ስለነበር፣ ከሥሩ ያለውንና የሌለውን አላየችም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ወጣች። በነጋታው ረፋድ ላይ ደወለች። ከድልድዩ ማዶ ካለው የከብት በረት አጠገብ ማደራቸውን፣ ላሞቹ መታመማቸውን፣ ልጅቷ ከላይኛው አልጋ አልወርድ ማለቷን አወራች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ሳንቃው መሃሉ ላይ እንደሚያረግድ ነገረቻቸው።

«ብረቱን ስንት ሴንቲ ነው ከፍ ያደረግከው? ሳንቃው ያረፈበት አይመስልም።»

አባ ሜትር ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። «አንሳው አላልሽኝም?»

«አዎ፣ ከፍ አድርገው አልኩህ እኮ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ልጅቷን አውርጃት ሊሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ደጋግመው ደወሉ፤ ስልኩ አይሠራም። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ መልሰው ተነሱ። ወደዚያ የሚሄድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አገኙና ሾፌሩን ለምነው ተሳፈሩ።

መንገዱ ፍርሃታቸውን ጨመረው። ሳንቃው በየዳሩ ያረፈው በአራት ሴንቲ ነው፤ የለኩት ራሳቸው ናቸው። በየጉድጓዱ አንዳንድ ሚሊ ቢሸሽ አርባ ጉድጓድ ይበቃዋል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ይቆጥሩ ጀመር። ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርሱ መቁጠሩን ፈርተው ተዉት። ሾፌሩ አሞዎታል ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የልጅ ልጄን ገደልኳት መሰለኝ አሉት፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ነዳጁን ረገጠ እንጂ አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መኪናዋ ዛፍ ሥር ቆማለች፣ ጣሪያዋ ወደ ላይ ተከፍቷል። ልጃቸው ራቅ ብላ ከላሞቹ መሃል ተንበርክካለች። በሸራው ላይ ግን የትንሽ ልጅ ጥላ ይታያል፤ አልጋው ላይ ትዘላለች።

መጮህ ፈሩ፤ ደንግጣ ልትወድቅ ትችላለች። ሮጡ። በኋላው በር ገብተው ቀና ሲሉ፣ የሳንቃው የግራ ጫፍ ጥፍር በምታህል ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። በሁለት መዳፋቸውና በራሳቸው ከሥሩ ደገፉት።

«የኔ ዓለም» አሉ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «አያትሽ መጣ። አሁን ቁጭ በይ። ጎበዝ። በሆድሽ ተኝተሽ በቀኝ በኩል ቀስ ብለሽ ነይ።»

ልጅቷ ወደ አልጋው በሚወጣበት ቀዳዳ ቁልቁል አየቻቸው። «አያቴ፣ ለምን ታለቅሳለህ?»

«ላብ ነው። ነይ።»

እናቷ ሲሮጡ አይታቸው መጥታ ነበርና እግሯን ይዛ ተቀበለቻት። ልጅቷን ከዛፉ ሥር አስቀምጣ ተመለሰች፣ ጫፉን አየች፣ ብረቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ፈሪ እንዳልባል ብዬ ነው ያልጠየቅኩሽ» አሏት አባ ሜትር።

ዞር ብላ ልጅቷን አየች። ከዚያ፣ «በቃ አባዬ፣ አውርደው» አለች።

አላወረዱም። «አውርደው ስትዪ ዝቅ ላድርገው ነው ወይስ ነቅዬ ልጣለው?» አሉ።

አልሳቀችም። ከጎናቸው ገብታ መዳፎቿን ከመዳፎቻቸው አጠገብ ከሳንቃው ሥር አስደገፈች። የልጃቸው እጅ ሲንቀጠቀጥ አባ ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

«ዝቅ እናድርገው» አለች።

«ስንት ሴንቲ?»

«አንድ» አለች። «ከዚያ ደግሞ አንድ።»