እኅቴን ፊደል እምቢ ያላት ጊዜ

እስቴ ነው ያደግነው፣ በንጉሡ ዘመን። አባታችን እኔንና ታናሽ እኅቴን አብረን የኔታ ዘንድ አስገባን። እኔ ፊደሉን ቶሎ ለይቼ ዳዊት ጀመርሁ። እሷን ግን ፊደል እምቢ አላት። «በ»ን «ሰ» ትላለች፤ ጠዋት የያዘችው ማታ ይጠፋታል።

«ዓይነ ልቡናዋ አልተከፈተም» አሉ የኔታ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእሷ ሆነ። እናቴ ጠበል ይዛት ከረመች። ሲመለሱም ልቡና ይከፍታል ተብሎ በየጠዋቱ ማር ይሰጣት ጀመር። እኔም የማሩ ማሰሮ አጠገብ ሄጄ ቆምሁ።

«አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» አለችኝ እናቴ።

ዳዊት የጨረስሁ ቀን አባቴ «እግዜር ይመስገን» ብሎ በሬዎቹን ይዞ ወጣ።

በኋላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው ተማሪ ቤት ገባን። አንዲት ፈረንጅ መምህርት እኅቴን ከትምህርት በኋላ እያስቀረች በአሸዋ ላይ በጣቷ ታጽፋት ነበር። አንድ ቀን እናታችንን አስጠራቻት። እንግሊዝኛ የምሻለው እኔ ስለነበርሁ አስተረጎምሁ።

«በእኛም አገር እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ስንፍና አይደለም፤ ፊደሉ ነው የሚምታታባቸው።»

«መድኃኒቱስ?» አለች እናቴ።

«መድኃኒት የለውም። ትዕግሥት ነው።»

«እሱማ እኛም ዘንድ አለ» አለች እናቴ፤ ሁለቱም እኅቴን እያዩ ፈገግ አሉ። እናቴ ስትወጣ መምህርቷን «እኔስ?» አልኋት።

«አንቺማ ጎበዝ ነሽ፤ ምንም አያስፈልግሽም።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ እኅቴ እቤት አንዲት መስመር እየተንተባተበች አነበበች። አባቴ ተነሥቶ ግንባሯን ሳማትና በግ አረደ። እኅቴ ጠጋ ብላ፣

«አንቺ ስታነቢ ባየሁ ቁጥር በቅናት እቃጠል ነበር» አለችኝ።

«እኔም» ልላት ፈልጌ አፌ እምቢ አለ።

ኋላ እኔ መምህርት ሆንሁ። ፊደል ያስቸገራቸውን ልጆች አስጠናለሁ፤ ወላጆቻቸውንም ችግሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት እጠይቃለሁ። ጋይንት «ዛር ነው» ያሉኝ አሉ፤ ስማዳ «ዓይን በልቷት ነው» ያለችኝ እናት አለች። እኅቴ ወገዳ ከተማ አግብታ እህል ትነግዳለች፤ አገሩ ሁሉ ይወዳታል። ልጠይቃት ስሄድ የገበያው ሰው «የእሷ እኅት መጣች» ይላል። ማንም በስሜ አይጠራኝም፤ ዛሬም ቆንጠጥ ያደርገኛል።