ባዳ ጥርስ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ግን ጠርጥሬም ተመንጥሬያለሁ። ደብረ ማርቆስ የምትኖረው ልጄ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ አንድ የሚጠዘጥዘኝን መንጋጋ ላስነቅል ነበር። ሐኪሙ በመብራት አፌን ጎርጉሮ ጎርጉሮ የቀሩትም ተነቃንቀዋልና ሁሉም ይውጡ አለ። የማን ጥርስ ነው የተነቃነቀው? እኔ በዋዜማው የገብስ ቆሎ ቆርጥሜ የመጣሁ ሴት ነኝ! ልጄና ሐኪሙ ደግሞ በዓይን ሲነጋገሩ አይቻቸዋለሁ። እነዚህ ሰዎች መክረውብኛል አልኩ በሆዴ።

ቢሆንም ተነቀልኩ። ስለ መነቀሉ አላወራም፤ ለጠላቴም አይስጠው። ድዴ እስኪደርቅ አጥሚት እየጠጣሁ ልጄ ቤት ከረምኩ። ከዚያ ሐኪሙ እንደ ሊጥ ያለ ነገር አፌ ውስጥ ጠቅጥቆ ልኬት ወሰደና፣ በቀጠሮው ቀን ሰው ሠራሹን ጥርስ አመጣልኝ። የላይም የታችም፣ ከነድዱ የተሠራ፣ ነጭ በነጭ። የማን እንደነበር ጠየቅሁት። የማንም አይደለም እማማ፣ በማሽን የሚሠራ ነው ብሎ ሳቀ። ሰው እየሳቀ መቼ እውነት ይናገራል? ከሞተ ሰው አፍ የተለቀመ ቢሆንስ? ቤት ወስጄ በፈላ ውሃ ልቀቅለው ስል ልጄ ይጣመማል ብላ ቀማችኝ። እሷ ዞር ስትል ጸበል ረጨሁበት። ጸበል ምን ይጎዳዋል።

ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኼኛው ግን የባዳም ባዳ ነው። ስናገር ያፏጫል። ስበላ እንጀራው ጣዕም የለው፣ ምራቄ ብቻ ይሞላል። ከሁሉ የከፋው መስታወት ያየሁ ዕለት ነው። በልጅነቴ ድዴን ተነቅሻለሁ፤ በእኛ ጊዜ ድዷ ያልጠቆረ ልጅ ስትስቅ አታምርም ይባል ነበር። ባለቤቴም መጀመሪያ ያየው ያንን ድድ ነው፤ ስስቅ አይቶኝ ነው ሽማግሌ የላከው። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ግን ጥርሷ የኮረዳ፣ ድዷ እንደ ጥሬ ሥጋ የቀላ። ማን ናት ይህቺ? ላወልቀው ስል ልጄ ተቆጣችኝ። ሐኪሙ በየቀኑ ካላደረጉት ድድዎ ይለወጥና አልገባም ይላል ብሏል፤ እውነቱን ይሁን ሊያስፈራራኝ እንጃ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር። ባለቤቴ ካለፈው ክረምት ወዲህ ነገር ይጠፋዋል። የልጆቹን ስም ይቀላቅላል፤ የበሬዎቹን ስም ግን አንድም ቀን አልሳተም። እኔንም እስከዚያ ድረስ ረስቶኝ አያውቅም። አጠገባችን ለሚኖረው ወንዱ ልጄ አደራ ብዬው ስሄድ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ስመለስ ያውቀኝ ይሆን?

አላወቀኝም። ከሚኒባስ ወርጄ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ፣ ቤት ገብቼ እንዴት ሰነበትክ ስለው ከመደቡ ተነሣ። ለእኔ ተነሥቶ አያውቅም። ጋቢውን አስተካክሎ፣ ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ፣ "ይግቡ፣ ይቀመጡ፤ ባለቤቴ ከተማ ሄዳለች፣ አሁን ትመጣለች" አለኝ። ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኬን አንቺ ያለኝ ሰው እርስዎ አለኝ።

እያላገጠብኝ ነው አልኩ። ድሮም ፊቱ ሳይፈታ በሰው ሲያሾፍ የሚውል ሰው ነው። ጥርስ ላስነቅል ስሄድም ለአሮጊት ጥርስ ምን ያደርግላታል ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። እንግዲህ ቂሙን እየተወጣ ነው ብዬ ከበር ኋላ ቆሜ አጮልቄ አየሁት። ብቻውን ሲሆን የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። እንደውም ልጃችንን ጠርቶ፣ ይህቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው እዚህ የተቀመጠችው ብሎ ሹክ አለው። ከዚያ የሣጥኑን ቁልፍ አንስቶ ወገቡ ላይ ቋጠረ። ከማን ደብቆ? ከእኔ! ያን ሣጥን ከቤተሰቦቼ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ እኮ።

እንዲህ ሆነን፣ እኔ እሱን እየጠረጠርኩ እሱ እኔን እየጠረጠረ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰነበትን። እንግዳ ነዎት ብሎ መደቡን ለቀቀልኝና እሱ ምድጃው ዳር ይተኛ ጀመር። ያቀረብኩለትን እንጀራ ገፋ አድርጎ፣ ምራቴ ስታመጣለት ይበላል። ምራቴ ጥርሱን አውልቂውና ይይሽ አለችኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ያን ሁሉ መከራ አይቼ ያመጣሁትን፣ ሽማግሌ ስለቀለደብኝ ነው የማወልቀው? አላወልቅም አልኩ።

ጎረቤቶቼንም ሰበብ እየፈለግሁ ከደጅ ስመልስ ነበር። በገበያ ቀን በማለዳ፣ ወደ ሮብ ገበያ ከመውረዳቸው በፊት፣ ተጠራርተው አንድ ላይ መጡ። ልንጠይቅሽ ነው ይላሉ፤ ጥርሴን ሊያዩ መሆኑ ጠፍቶኝ? ድምፃቸውን ስሰማ ማጀት ገባሁና መጋረጃውን ሳብኩ። እነሱም እስክወጣ ድረስ፣ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በነጠላና በጋቢ ሸፍነው፣ ባለቤቴ ዙሪያ ዝም ብለው ተቀመጡ።

በእኛ አገር ሰው በማለዳ ተሰብስቦ መጥቶ አፉን ሸፍኖ ዝም ካለ፣ የመጣው መርዶ ሊያረዳ ነው። ባለቤቴ የሰው ስም ይጥፋው እንጂ ይኼ አልጠፋውም። አንድ በአንድ አያቸው።

"ገባኝ" አለ። "እዚያው ከተማ ሞታለች፤ እናንተ ደብቃችሁኝ ነው።"

ኧረ ደህና ናት፣ ይኸው ማጀት ናት ቢሉት ባሰበት። መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ ትንሽ አሟታል ነው የሚለው፤ ማን ይመነው? ልጃችን እጁን ሊይዘው ሲል መነጨቀውና አለቀሰ። እኔ አሁንም አላመንኩትም። ሲያሾፍ ልይዘው በመጋረጃው ጥግ አየሁት። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። እናቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። እየደጋገመ ስሜን ጠራ፤ ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ውርጭ ገብሱን የበላብን ዓመት፣ እኔ ማጀት በልቻለሁ፣ አንተ ብላ ትለኝ ነበር። አለመብላቷን አውቅ ነበር። እያወቅሁ በላሁ" አለ።

ያን ዓመት ያለችውን ትንሽ እህል ለልጆቹና ለእሱ አቅርቤ፣ ሆዴን በመቀነት ጠፍሬ እውል ነበር። አለማወቁን ደግሞ ብትጠይቁኝ እምልላችሁ ነበር። ሐኪሙን ጠረጠርኩ፣ ልጄን ጠረጠርኩ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠረጠርኩ፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አልጠረጠርኳትም። ተናደድኩበትም፣ አንጀቴን በላውም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ጥርሱን ከላይም ከታችም መንጭቄ አወለቅሁና ወጣሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ይየኝ። ፊቱ ቁጭ ብዬ እንባውን በነጠላዬ ጠረግሁና አፌን ከፈትኩለት። ትክ ብሎ ድዴን አየ። ከዚያ ፊቴን፣ ከዚያ እንደገና ድዴን አየ። ጣቱን ዘርግቶ ከንፈሬን ነካ። የት ነበርሽ አላለኝም፤ ማን ነሽም አላለኝም።

"በልተሻል?" አለኝ።

በልቻለሁ ልለው ነበር፤ አፌ የለመደው ያንን ነው።

"አልበላሁም" አልኩት።

ለምራታችን መሶቡን አምጪ አላት። ሰው ገበያው እየረፈደበት ቁጭ ብሎ ያየናል። ባለቤቴ እንጀራውን አድቅቆ ቆረሰና በሽሮው አርሶ፣ ለስልሶ እንደሆን በጣቱ ዳስሶ፣ አጎረሰኝ። እስክውጠው ድረስም ዓይኑን ከጉሮሮዬ ላይ አላነሣም።